ሊኑክስ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፦ ፎርማት ከማድረግ በፊት

ኮምፒውተሩን አበራችሁት፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ተደርድሮ ቆመ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቶሎ ብሎ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። እባካችሁ አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፋይላችሁ እዚያው በሰላም ተቀምጧል። ለፋይሉ የሚያሰጋው በጥድፊያ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ የት ላይ እንደቆመ አንብቡ። ቀጥሎ የዲስኩን ጤና እዩ። ፋይሉን አውጡ። ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፌአቸዋለሁ፤ ኪቦርዱ ላይ በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ጻፏቸው።

የት ላይ ቆመ?

ሊኑክስ የሚነሳው ደረጃ በደረጃ ነው። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ማለትም ባዮስ፣ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ደግሞ ዩኢኤፍአይ፣ ዲስኩን ይፈልጋል። ከዚያ ግረብ የሚባለው አስነሺ ፕሮግራም ይመጣና ከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ ይጭናል። ከርነሉ ዋናውን ፓርቲሽን (ሲስተሙ ያለበትን የዲስክ ክፍል) ይከፍታል። የቀረውን ሲስተምዲ የሚባለው ፕሮግራም ያስነሳዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የቱ ጋ እንደተቋረጠ ይነግራችኋል።

«ኖ ቡተብል ዲቫይስ» ካለ ኤፍ2 ወይም ዲሊት ተጭናችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡ፤ የዲስኩ ስም መኖሩን እዩ። ከሌለና ማሽኑ ዴስክቶፕ ከሆነ፣ ከመብራት ነቅላችሁ የሳታ ገመዱን (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘውን) በሁለቱም ጫፍ አውጥታችሁ መልሱት። ሌላ ገመድ ካለም ሞክሩ። የቆየ ማሽን ሆኖ ሰዓቱና ቀኑ ተዛብቶ ካገኛችሁት የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ አልቆ ይሆናል። ባትሪው ሲያልቅ የባዮስ ሴቲንግ ስለሚጠፋ ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ ሊረሳ ይችላል።

«ግረብ ሬስኪው» ካለ ግረብ የራሱን ፋይሎች አላገኘም። ፓርቲሽን ከተነካካ በኋላ በብዛት ይታያል።

«ኢኒትራምኤፍኤስ» ካለ ከርነሉ ተነስቷል፤ ዋናውን ፓርቲሽን መክፈት ግን አልቻለም። መብራት በድንገት ሲጠፋ የፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች ዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ተዛብቶ ከሆነ የምታገኙት ይህን ነው።

«ኢመርጀንሲ ሞድ» ካለ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ቆጥሮ ከሆነ፣ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ኤፍስታብ የሚባለውን ፋይል ነው፤ ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈቱትን ፓርቲሽኖች ይዘረዝራል። አሁን ያልተሰካ ዲስክ እዚያ ተመዝግቦ ይሆናል። ፋይሉን ናኖ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ክፈቱና በዚያ መስመር መጀመሪያ ላይ # ጨምሩ።

የዲስኩ ጤና

በሌላ ኮምፒውተር 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ ኡቡንቱ አዘጋጁ። ማሽኑን በፍላሹ አስነሱና «ትራይ ኡቡንቱ»ን ምረጡ። ኢንስቶል የሚለውን አትንኩ። ከዚያ «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈቱ፤ ሃርድ ዲስኩን ምረጡና ከሜኑው ውስጥ «ስማርት ዴታ» የሚለውን ተጫኑ።

ከላይ «ኦኬ» የሚል ብታዩ አትዘናጉ። እየሞተ ያለ ዲስክም ኦኬ ሊባል ይችላል። እናንተ ከዝርዝሩ እነዚህ መለያ ቁጥሮች ያሉባቸውን ሦስት መስመሮች ፈልጉ፦ 5፣ 197 እና 198። 5 ዲስኩ ተበላሹ ብሎ በመጠባበቂያ የተካቸውን ሴክተሮች (ትንንሽ የዲስክ ክፍሎች) ይቆጥራል። 197 ማንበብ ያቃተውና ገና ውሳኔ ያላገኘውን ነው። 198 ደግሞ ሊታረም ያልቻለው። ሦስቱም 0 ቢሆኑ ደስ ይላል። 197 ከ0 በላይ ከሆነና በየቀኑ እየጨመረ ከሄደ ያንን ዲስክ አትመኑት። ሌሎቹ ደህና ሆነው 199 (በገመዱ በኩል ሲተላለፍ የተፈጠረ ስህተት ብዛት) ብቻ ከፍ ካለ ግን መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው አጥፉት። በየሰከንዱ ጉዳቱ ሊብስ ይችላል። ውስጡ ያለው ነገር የማይተካ ከሆነ ዳታ ሪከቨሪ ለሚሠራ ባለሙያ ስጡት፤ በቤት ውስጥ አትክፈቱት።

ፋይሉን ማውጣት

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ቀላል ነው፤ ፎልደሩን ከፍታችሁ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ኮፒ አድርጉ።

የተበላሹ ሴክተሮች ካሉት ግን ኮፒ ማድረጉ እዚያው እየተንጠለጠለ ዲስኩን ያደክመዋል። ለዚህ የተሠራው ዲዲሬስኪው የሚባለው ፕሮግራም ነው። ኡቡንቱ ላይ ጥቅሉን ስትጭኑ ስሙ መጀመሪያ ላይ ጂ ይጨመርበታል። ሦስት ነገር ትሰጡታላችሁ፦ የታመመውን ዲስክ፣ ኮፒው የሚቀመጥበትን ፋይልና የማፕ ፋይል፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። ቦታ አቀያይራችሁ ከሰጣችሁት ባዶውን በፋይላችሁ ላይ ሊጽፍበት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ኤል-ኤስ-ቢ-ኤል-ኬ ጻፉና የትኛው ዲስክ የትኛው እንደሆነ በመጠኑ ለዩ።

በመጀመሪያው ዙር ሰረዝ ኤን ጨምሩ፤ ቀላሉን ቶሎ ያወጣል፣ አስቸጋሪውን ለኋላ ይተወዋል። በሁለተኛው ሰረዝ አር 3 ብላችሁ ወደ ተረፈው ተመለሱ። ማፕ ፋይሉ የት እንደደረሰ ይመዘግባል። መብራት ቢሄድ እንኳ ያንኑ ትእዛዝ ስትደግሙት ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ የሚሆነው ግን ማፕ ፋይሉ ኤክስተርናሉ ላይ ከሆነ ብቻ ነው። በፍላሹ ሲስተም ውስጥ ካስቀመጣችሁት ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ኤክስተርናሉ የዲስኩን ሙሉ መጠን የሚይዝ ባዶ ቦታ ይኑረው። ፋት32 ከሆነም አይሠራም፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

አሁን ጥገናው

የፋይል ሲስተሙ ኢኤክስቲ4 ከሆነ ኤፍ-ኤስ-ሲ-ኬ ብላችሁ የፓርቲሽኑን ስም አስከትሉ፤ ለምሳሌ /ዴቭ/ኤስዲኤ2። ፓርቲሽኑ ያልተከፈተ (ማውንት ያልተደረገ) መሆን አለበት። ተከፍቶ እያለ ማስኬድ ደህናውንም ሊያበላሽ ይችላል። ይህ ትእዛዝ ዲስኩ ላይ ስለሚጽፍ ነው ኮፒው ይቅደም የምለው። ፌዶራ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ፋይል ሲስተሙ ቢቲአርኤፍኤስ ሊሆን ይችላል፤ የእሱን የሪፔር ትእዛዝ በግምት አትሞክሩ።

ግረብ ከሆነ ችግሩ፣ ለጀማሪ «ቡት ሪፔር» የሚባለው መሣሪያ ይሻላል። ከመጀመራችሁ በፊት /ሲስ/ፈርምዌር/ኢኤፍአይ የሚባል ፎልደር መኖሩን እዩ። ካለ ፍላሹ የተነሳው በዩኢኤፍአይ ነው። የተጫነው ሲስተም በዩኢኤፍአይ የሚነሳ ሆኖ ፍላሹ በአሮጌው ባዮስ መንገድ ከተነሳ፣ ግረቡ በተሳሳተ መንገድ ይጫንና ማሽኑ እንደገና አይነሳም።

ሁሉም ደህና ሆኖ ፓስዎርድ ስታስገቡ ተመልሶ ፓስዎርድ ከጠየቃችሁ ዲስኩ ሞልቶ ይሆናል። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አንድ ላይ ተጫኑ። ግቡና ዲ-ኤፍ ሰረዝ ኤች ጻፉ። ዋናው ፓርቲሽን 100% ከሆነ ሱዶ ኤ-ፒ-ቲ ክሊን በሉ፣ ትልልቅ ቪዲዮዎችን አውጡ፣ ሪስታርት አድርጉ።