የፓሪሱን ፓሌ ጋርኒዬ ኦፔራ ቤት እንዴት ይጎብኙ?

ጉብኝቱን ከጀርባ ይጀምሩ። ከኦፔራ ቤቱ ኋላ፣ በኦስማን ጎዳና ላይ ያለው የጋለሪ ላፋዬት የገበያ ሕንፃ ሰገነት መግቢያ አይከፈልበትም። ከዚያ ሲያዩት የሕንፃው አሠራር ፍንትው ብሎ ይታያል። ከፊትዎ የአስተዳደሩ ክፍል አለ፤ ቀጥሎ ከሁሉም የረዘመው የመድረኩ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ የአዳራሹ አረንጓዴ የመዳብ ጉልላት፣ መጨረሻ ላይ ዝቅ ያለው የፊት ክፍል። አርክቴክቱ ሻርል ጋርኒዬ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ጣሪያ ሰጥቶታል። የመድረኩ ቤት እንዲህ የረዘመው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የተሳሉት መጋረጃዎች ሳይታጠፉ ወደ ላይ እንዲሳቡ ነው። ከወለሉ ሥር ካለው ጥልቀት ጋር ቁመቱ 60 ሜትር ያህል ነው።

ወደ ፊት ለፊቱ ሲዞሩ (የሜትሮ መስመር 3፣ 7 እና 8 እዚያው ኦፔራ ጣቢያ ይገናኛሉ) ከመግቢያዎቹ አጠገብ ከቆሙት አራት የቅርጽ ስብስቦች ከግራ ሦስተኛውን ይፈልጉ። የቀራጺው ካርፖ «ዳንስ» ነው። በ1869 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲቆም እርቃን ገላዎቹን ያልወደደ ሰው የቀለም ጠርሙስ ወርውሮበታል። አሁን የሚያዩት ቅጂ ነው፤ ዋናው በኦርሴ ሙዚየም ይገኛል።

ጋርኒዬ በ35 ዓመቱ 171 ተወዳዳሪዎች የተሳተፉበትን ውድድር አሸንፎ በ1861 ሥራ ጀመረ። የአዲሱ ኦፔራ ቤት መነሻ የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ሳልሳዊ ናፖሊዮን በ1858 በአሮጌው ኦፔራ ቤት ደጃፍ በቦምብ መጠቃቱ ነበር። ለዚህም ነው በምዕራብ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ ሠረገላ ሽቅብ ወጥቶ በቀጥታ የሚገባበት ድርብ መወጣጫ የተሠራው። መሠረቱ ሲቆፈር ውኃ እየፈለቀ አስቸገረ። በእንፋሎት ፓምፕ ለወራት ቢቀዳም አልደርቅ ስላለ፣ ጋርኒዬ ከመድረኩ ሥር ባለ ድርብ ግድግዳ ትልቅ ገንዳ ሠራ። በገንዳው ውስጥ ያለው ውኃ የውጩን ግፊት ይመክታል። ጎብኚ ግን ወደዚያ አይወርድም።

ቀን ለሚጎበኝ ሰው መግቢያው በስክሪብ እና በኦበር መንገዶች ማዕዘን ላይ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ በየአዳራሹ ሲዘዋወሩ ቆይተው ወደ መድረኩ አዳራሽ ሲደርሱ በልምምድ ምክንያት ተዘግቶ ያገኙታል። ስለዚህ የዕለቱን ሰዓት አስቀድመው ያረጋግጡና ክፍት ከሆነ መጀመሪያ ወደዚያ ይሂዱ። በ1964 የተመረቀው የሠዓሊው ማርክ ሻጋል የኮርኒስ ሥዕል ተነቃይ በሆኑ ሰሌዳዎች ላይ ስለተሠራ፣ የቀድሞው የለነፕቩ ሥዕል ዛሬም ከሥሩ አለ። የተንጠልጣዩ መብራት ክብደት ከ7 እስከ 8 ቶን ይገመታል።

ከዚያ ወደ ትልቁ ደረጃ ይመለሱ፤ ግን ከላይ አይጀምሩት። ከሥሩ ባለው ክብ ገንዳ፣ ከፒቲያ (የጥንት ግሪክ ትንቢት ተናጋሪ ሴት) ሐውልት አጠገብ ቆመው ቀስ ብለው ይውጡ። ወርዱ የሰፋ ነጭ እብነ በረድ ነው፤ መደገፊያው ከቀይና ከአረንጓዴ ድንጋይ ጋር ይጣመራል። መሐል ላይ ለሁለት ሲከፈል ዞር ብለው ሰገነቶቹን ይመልከቱ። 30 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ቦታ የተሠራው ሰው ሰውን እንዲያይ ነው፤ ሲወጡም የሚታዩት እርስዎ ነዎት። የሕንፃው ልብ በእኛ ግምት መድረኩ ሳይሆን ይህ ደረጃ ነው።

ቀጥሎ 54 ሜትር የሚረዝመው ታላቁ ፎዬ፣ ማለትም ተመልካቾች በእረፍት ሰዓት የሚንሸራሸሩበት አዳራሽ ነው። ኮርኒሱን የሳለው ፖል ቦድሪ ነው። በመሐለኛው መስኮት የኦፔራ ጎዳናን ይመልከቱ፤ ዛፍ የለበትም፤ ሕንፃው እንዳይጋረድ ጋርኒዬ አጥብቆ ጠይቆ ነበር።

ትርዒት ለማየት ካሰቡ፣ አዳራሹ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ እንዳለው ያስታውሱ። በጎን ባሉት ሎዦች (ጥቂት ወንበሮች ያሏቸው የተከለሉ ክፍሎች) የኋላ ወንበር የያዘ ሰው የመድረኩን ብዙ ክፍል አያይም፤ ዋጋው የሚረክሰውም ለዚህ ነው። ከመድረኩ ፊት ለፊት ያሉትን ሎዦች፣ ካልሆነም በጎን ያሉትን የፊት ወንበሮች ይምረጡ።

ከመውጣትዎ በፊት ወደ ቤተ መጻሕፍት ሙዚየሙ ጎራ ይበሉ። ለንጉሠ ነገሥቱ የታሰበው ክንፍ ነው። እሱ ግን በ1870 ከዙፋኑ ወረደ፤ ኦፔራ ቤቱ ጥር 5 ቀን 1875 ሲመረቅም በሕይወት አልነበረም። በክንፉ ውስጥ ሳይቀረጹ የቀሩ ድንጋዮች እስከ ዛሬ ይታያሉ።