«ድር ቢያብር» ብቻውን መልስ አይሆንም

ለቡ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን ታሪክ አስጠናለሁ። በቀደም «የተለያዩ ቅኝ ግዛቶች ወደው አንድ አገር የሚሆኑት ለምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ከዘጠኙ ወረቀት ሰባቱ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ጀመረ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። አንበሳ፣ ማለትም የሚያስፈራ የውጭ ኃይል፣ አልነበረም አልልም፤ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884 ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ያለችውን የኒው ጊኒ ደሴት ሰሜን ምሥራቅ ስትይዝ ከአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች አንዷ ኩዊንስላንድ ደንግጣለች። አውስትራሊያ አንድ የሆነችው ግን በ1901 ነው። ድንጋጤ አሥራ ሰባት ዓመት አይቆይም።

ሁለተኛው ስህተት ኪስን መርሳት ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝም እርሱ ነው። ስድስቱ የአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች በአንድ የብሪታንያ ዘውድ ሥር እያሉ አንዱ በሌላው ዕቃ ላይ ቀረጥ ይጥል ነበር። ሐዲዳቸው እንኳ አይገጥምም። የኒው ሳውዝ ዌልስ ስፋቱ 1435 ሚሊሜትር፣ የቪክቶሪያ 1600፣ የኩዊንስላንድ 1067 ነው። ከኒው ሳውዝ ዌልስ ከተማ ከሲድኒ ወደ ቪክቶሪያዋ ሜልቦርን የሚጓዝ ሰው ድንበሩ ላይ ኦልበሪ ሲደርስ ጓዙን አንጠልጥሎ ባቡር ይቀይራል። ይህን በጠመኔ ስስል በቀድሞው ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ በር ላይ ቆመው ኖሯል። «የእኛም አሮጌው አንድ ሜትር፣ የአሁኑ 1435 ነው። ታዲያ እዚያ የከበረው ተሸካሚው ነው በላቸው እንጂ!» አሉኝ። እርግጥ ኅብረቱ ቀረጡን ቢያነሳም ሐዲዱን ቶሎ አላስተካከለም፤ ያ ባቡር መቀየር የቀረው በ1962 ነው።

አንድ መሆንን ከነጻነት ጋር የሚያምታቱም አሉ። ካናዳ በ1867፣ አውስትራሊያ በ1901 ሲዋሐዱ ከብሪታንያ ዘውድ ሥር አልወጡም። ታንጋኒካና ዛንዚባር በአንጻሩ በ1964 የተዋሐዱት አስቀድመው ነጻ ከወጡ በኋላ ነው።

ሌላው፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ የገባ መምሰል ነው። ብሪትሽ ኮሎምቢያ በ1871 ካናዳን የተቀላቀለችው የባቡር መስመር ቃል ተገብቶላት ነው። ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴትን በ1873 ያስገባት የባቡር ሥራ ዕዳ ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስም ዋና ከተማው በግዛቷ እንዲሆን አስፈረመች፤ ሌሎቹ ደግሞ ከሲድኒ ቢያንስ 100 ማይል ይራቅ አሉ። ካንቤራ የዚህ ድርድር ልጅ ናት።

«ሕዝቡ መረጠ» ብሎ ማለፍም አያዋጣም። የትኛው ሕዝብ? ኖቫ ስኮሺያ በ1867 ሕዝቧ ሳይጠየቅ ካናዳ ውስጥ ገባች፤ በዚያው ዓመት ምርጫ ከ19 የፌዴራል መቀመጫዎቿ 18ቱን ውሕደቱን የሚቃወሙት ወሰዱ። በ1910 ደቡብ አፍሪካ ስትዋሐድ የብዙኃኑ ጥቁር ሕዝብ ፈቃድ አልተጠየቀም። አዲሲቷ አውስትራሊያም ገና በመጀመሪያ ዓመቷ ነጭ ያልሆነ ስደተኛን የሚያግድ ሕግ አወጣች፤ ይህም ከአንድነቱ ምክንያቶች አንዱ ነበርና ከመልሳችሁ አታስቀሩት።

በመጨረሻ፣ የቀሩትን አትርሱ። ኒው ዚላንድ በውይይቱ ተካፍላ ሳትገባ ቀረች። ስሟ ግን የአውስትራሊያን ሕገ መንግሥት ባጸደቀው አዋጅ፣ «ክልሎች» በሚለው ትርጓሜ ውስጥ እስከ ዛሬ ተጽፎ ይገኛል። አንዷ ተማሪዬ «መምህር፣ ታዲያ ወንበሯ ክፍት ነው?» ብትለኝ፣ ስሟን ማንም አልሰረዘውም አልኳት።