አሜሪካ ውስጥ የሰርግ ካርድ በፖስታ ሲላክ ትርፍ እንዳትከፍሉ

የሰርግ ካርድ መላኪያው የሚወደደው በርቀቱ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ በኤንቨሎፑ ቅርጽ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ደብዳቤ የሚለየው በማሽን ስለሆነ፣ ማሽኑ የማያሳልፈው ሁሉ ተጨማሪ ይከፈልበታል። ስለዚህ ካርዱን ከማሳተማችሁ በፊት ኤንቨሎፑን ወስኑ።

ርዝመቱ ለከፍታው ሲካፈል ከ1.3 እስከ 2.5 መሆን አለበት። የተለመደው 5¼ በ7¼ ኢንች ኤንቨሎፕ 1.38 ስለሚመጣ ያልፋል። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነው ግን የቱንም ያህል ቢቀልል ትርፍ ያስከፍላል። ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ፦ ርዝመት የሚባለው አድራሻው የተጻፈበት አግድም ጎን ነው። ያንኑ 5¼ በ7¼ ኤንቨሎፕ አቁማችሁ ከጻፋችሁበት ስሌቱ ይገለበጥና ትርፍ ይመጣባችኋል።

ውፍረቱ ከ¼ ኢንች አይለፍ፤ ወጥም ይሁን። የሪባን ቋጠሮ፣ የሰም ማኅተምና ዶቃ አንድ ቦታ ላይ ስለሚያብጡ ማሽኑ ውስጥ ተይዘው ኤንቨሎፑን ይቀድዱታል። ጌጡ ያማረ ነውና በእጃችሁ ለምታደርሱት ካርድ አቆዩት።

አንድ ፎርኤቨር ቴምብር (የፖስታ ዋጋ ቢጨምርም የሚያገለግለው) የሚሸፍነው 1 አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ ነው። የአማርኛው ገጽ፣ የእንግሊዝኛው ገጽ፣ ተጋባዡ መምጣት አለመምጣቱን የሚያሳውቅበት መልስ መስጫ ካርድ ከነኤንቨሎፑ ሲደመር በቀላሉ ከ1 አውንስ ይበልጣል። መልስ መስጫውን ፖስትካርድ አድርጉት፦ ከ3½ በ5 እስከ 4¼ በ6 ኢንች ከሆነ ኤንቨሎፕ አይፈልግም፣ ቴምብሩም ከደብዳቤው ይረክሳል። ቴምብር ከመግዛታችሁ በፊት ሁሉ ነገር የገባበትን አንድ ናሙና ፖስታ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑ።

አድራሻውን በላቲን ትልልቅ ፊደል፣ ያለ ነጥብና ያለ ኮማ ጻፉ፤ አማርኛው ውስጥ ካርዱ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ የቤት ቁጥርና መንገድ ከነአፓርትመንት ቁጥሩ፣ መጨረሻ ላይ ከተማ፣ የስቴቱ ሁለት ፊደልና ዚፕ ኮድ። ማሽኑ የሚያነበው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ቦታ ጠቦን ብላችሁ የአፓርትመንቱን ቁጥር ከዚፕ ኮዱ በታች ብትጽፉት ይምታታበታል። ከታች በስተቀኝ ቁመቱ ⅝፣ ርዝመቱ 4¾ ኢንች የሚሆን ቦታ ባዶ ተዉ፤ ባርኮዱ የሚታተመው እዚያ ነው። በጥቁር ቀይ ኤንቨሎፕ ላይ በወርቃማ ቀለም መጻፍ ለዓይን ያምራል፣ ለማሽኑ ግን አይነበብም፤ ነጭ ወረቀት ለጥፋችሁ በጥቁር ጻፉ። የላኪ አድራሻ ከላይ በስተግራ ይግባ፤ ያለሱ ያልደረሰ ካርድ አይመለስላችሁም።

ኢትዮጵያ ለሚሄደው ለውጭ አገር ደብዳቤ የሚሆነው አንድ ግሎባል ፎርኤቨር ቴምብር እስከ 1 አውንስ ይበቃል። ደብዳቤ እዚያ የሚደርሰው በፖስታ ሳጥን ስለሆነ፣ ተጋባዡ ሳጥን ከሌለው የመሥሪያ ቤቱን ወይም የዘመድ ፖ.ሳ.ቁ. አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስልክ ቁጥሩንም ጨምሩ፤ የመጨረሻው መስመር ላይ የአገሩን ስም ብቻ፣ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደል።