ያለ አንቲቦዲም አረንጓዴ የሚያበራው የጉበት ስላይድ

እዚህ ጎንደር የጉበት ሴል በፍሎረሰንስ (የሚያበራ ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ በማየት) ለምታዩ ልጆች፣ ሁለት ሳምንት ያንገላታኝን ነገር ልንገራችሁ። ኢ ካድሄሪን (ሴሎችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ፕሮቲን) እየፈለኩ ነበር፣ ሁሉም ሴል አረንጓዴ ሲያበራ አንቲቦዲው (ፕሮቲኑን ፈልጎ የሚጣበቀው) ተጣብቋል ብዬ ደስ አለኝ፣ ግን ምንም አንቲቦዲ ያልነካው ኮንትሮልም (ማነጻጸሪያው ስላይድ) እኩል ያበራል! ለካ ጉበት ራሱ ያበራል፣ ሊፖፊውሲን የሚባለው እድሜ ሲገፋ ሴል ውስጥ የሚጠራቀመው ቀለም ነው፣ ናሙናው እንዳይበላሽ የምንጠቀመው ፎርማሊንም ያባብሰዋል።

ያዳነኝ ሱዳን ብላክ ነው፣ ይህን የጉበት ብርሃን የሚሸፍን ጥቁር ቀለም፣ 0.1% አርጌ በ70% ኢታኖል አሟሙቼ አጣርቼ፣ አንቲቦዲው ካለቀ በኋላ 20 ደቂቃ አስቀመጥኩበትና በፒቢኤስ (የጨው መፍትሄ) ደጋግሜ አጠብኩ። ከዛ በኋላ ዲተርጀንት በፍጹም እንዳትጠቀሙ፣ ሱዳን ብላኩን ያጥበዋል።

ደሞ ኩፕፈር ሴሎች (የጉበት የመከላከያ ሴሎች) የአንቲቦዲን ጭራ ስለሚይዙ፣ ሰከንደሪዬ (ፕራይመሪው ላይ የሚጣበቀው የሚያበራው አንቲቦዲ) የፍየል ስለሆነ ከፕራይመሪው (ኢ ካድሄሪንን ከሚይዘው የመጀመሪያ አንቲቦዲ) በፊት በ5% የፍየል ሴረም ብሎክ አረኩ (ያለ ቦታው የሚጣበቅበትን ዘጋሁ)፣ የተበታተነው ነጠብጣብ ቀነሰ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የማይክሮስኮፑን የሜርኩሪ አምፖል ወዲያው አታብሩት፣ ግማሽ ሰአት ያህል ይቀዝቀዝ፣ እባካችሁ፣ በቀላሉ የሚገኝ እቃ አይደለም።

አሁን ኮንትሮሉ ጨለማ ነው፣ የተቀባው ላይ ደሞ የሴሎቹ ድንበር ብቻ እንደ ማር እንጀራ ቀጭን ሆኖ ይታያል፣ በተለይ በፖርታል ቬይን (ከአንጀት ደም ወደ ጉበት በሚያመጣው ደም ስር) ዙሪያ።