የአያታችሁን የክርስትና ስም ታውቃላችሁ?

ሰሞኑን ዘራቸውን ማወቅ የፈለጉ ሁለት የጎንደር ልጆች በተለያየ ቀን አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ቀበሌ ሰው ልኬ የአያቴን የልደት መዝገብ ላስወጣ?» አትድከሙ። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ በወጉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

እኔም እንደናንተ ነበር የጀመርኩት። ለአንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ብር ላክሁ። ሦስት ወር «እየተከታተልኩ ነው» ሲለኝ ከርሞ ስልኩን ዘጋው። በኋላ ሳስበው ግን ሰውዬውስ ምን ብሎ ይፈልግ? የሰጠሁት የቅድመ አያቴን የዓለም ስም ብቻ ነው፤ ደብሩ የሚያውቃቸው ደግሞ ወልደ ሥላሴ ብሎ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ስልክ ደውሉ። ከዘመዱ ሁሉ በዕድሜ የገፉትን አክስት ያዙና የክርስትና ስሙንና ደብሩን ጠይቁ፤ የት ተጠመቁ፣ የት ተቀበሩ። አርባ አራቱ ታቦት በሚባልላት ከተማ ደብር ሳትነግሩ ሰው መላክ ሰውየውን ማንከራተት ነው። (ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁ የአዲስ ዓለም ሽማግሌዎችን አስጠይቁ።)

ቀጥላችሁ «ርስት የሚካፈሉት በማን በኩል ነበር?» በሏቸው። ይቺ ጥያቄ የዘጋ አፍ ትከፍታለች። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ዘር መቁጠር የእንጀራ ጉዳይ ነበር፤ መሬት የሚገኘው በአባትም በእናትም ሽቅብ ቆጥሮ አቅኚው አባት ላይ በመድረስ ስለነበር፣ ርስት የተሟገተ ሰው ዘሩን እንደ ዳዊት ይወጣው ነበር። የእኔ አክስት ስለ አያቶቿ ስጠይቃት «ምን አውቄ» ስትል ከርማ፣ ርስት ስል ጊዜ ስድስት ትውልድ አወረደችልኝ፤ ያውም በሴት በኩል። አስፈቅዳችሁ ቅረጿቸው።

ሣጥንም አስፈትሹ። የድሮ የርስት ክርክር ፍርድ ግልባጭ ከተገኘ ወርቅ ነው። ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ አስነሱት እንጂ ዋናውን በመንገደኛ አታስልኩ።

የደብሩ ነገር ትዕግሥት ይፈልጋል። በጎንደር አድባራት የመሬት ስጦታና ሽያጭ በወንጌሉ ባዶ ገጽና ዳር ላይ ይጻፍ ነበር፤ ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋሱ፣ እማኙ በስም። የምትልኩት ሰው ዘሎ አስተዳዳሪው ቢሮ ከሚገባ፣ በቤተሰቡ የንስሐ አባት በኩል ይጠይቅ። «የለም» ቢባልም ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ብዙ መጻሕፍት ወደ መቅደላ አስወስደዋል፤ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዝ ከዚያ ዘርፎ የወሰዳቸው 350 ያህል ብራናዎች ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። በ1880 ደግሞ ደርቡሽ ከተማዋን አቃጠለ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተርፋለች። ለንደን የምትኖሩ እንግዲህ ለብራናዎቹ ከኛ ይልቅ እናንተ ትቀርባላችሁ።

ዘመን ላይ ተጠንቀቁ። «በዘመነ ሉቃስ» የሚል ብታገኙ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመጣል፤ ማን ነግሦ እንደነበር አብራችሁ እዩ። አሮጊቶች «ክፉ ቀን» ሲሉ ከ1880 እስከ 1884 ያለውን ረሃብ ነው። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩም የሚደመረው ሰባት ነው ስምንት የሚለውን ወሩን አይታችሁ ወስኑ።

እኔ የቅድመ አያቴን እናት አባት እስካሁን አላገኘሁም። አክስቴ «ለጥምቀት የደንቢያ ዘመዶች ይመጣሉ፣ ያኔ ደውል» ብላኛለች።