ትልቅ ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ፦ 9007199254740993ን ኤክሴል ላይ ትጽፋላችሁ። መጀመሪያ አሳጥሮ በሳይንሳዊ አጻጻፍ ያሳያችኋል፤ ሴሉን ወደ ቁጥር ስትቀይሩት መጨረሻ ላይ የነበረው 3 ቦታው ላይ የለም፣ 0 ሆኗል። ኢተጋማሹ ቁጥር ተጋማሽ ሆኖ አረፈው! እዚህ ጅማ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣብኝ ሰው፣ የካምፓስ ተማሪም ይሁን የቡና ማህበር ጸሐፊ፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ይሄው ነው።

ምክንያቱ፦ ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው። የተረፈውን በዜሮ ይተካዋል፣ ያውም ምንም ሳይናገር። የፕሮግራም ቋንቋዎቹ ጃቫስክሪፕትም ሆነ የፓይተን ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር የሚያዝበት ዓይነት) እስከ 2^53 ማለትም እስከ 9007199254740992 ድረስ እያንዳንዱን ድፍን ቁጥር በትክክል ይይዛሉ። ከዚያ እስከ 2^54 ግን ተጋማሾቹን ብቻ ነው የሚችሉት፤ ስለዚህ መጨረሻው 993 የነበረው ቁጥራችን መጨረሻው 992 ይሆናል።

አንድ ልጅ አካፋዮችን የሚያወጣ ፕሮግራም ጽፎ ሌሊቱን ሙሉ ደጋግሞ ቢያስኬደውም 2፣ 2፣ 2 ብቻ እያለ አወጣበት። የማካፈል ስሌቱ አንድም ስህተት የለበትም። ይህንኑ ቁጥራችንን ሲቀበል ግን ወደ ፍሎት ቀይሮታል። እውነተኛው ቁጥር 3 × 107 × 28059810762433 ነው፤ ፕሮግራሙ የደረሰው ደግሞ 2 ብቻ 53 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ጎረቤቱ ነው። ሁለቱ ከ1 በቀር አንድም የጋራ አካፋይ የላቸውም።

መፍትሄው፦ ኤክሴል ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ሴሉን ቴክስት አድርጉት። ከጻፋችሁ በኋላ ብትቀይሩት የጠፋው አሃዝ አይመለስም፤ እባካችሁ ይሄን ያዙልኝ! 16 አሃዝ ያለውን የፋይዳ ቁጥር በመቶ ለሚቆጠር አባል እንዲህ መዝግቦ፣ የሁሉም መጨረሻ ዜሮ ሆኖ የመጣ ጸሐፊ አለ። ከወረቀቱ እንደገና ከመጻፍ ሌላ መላ አልነበረውም። የሲኤስቪ ፋይልም (በኮማ የተለያየ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) በቀጥታ ከፍታችሁ ሴቭ አታድርጉ፤ ኢምፖርት አድርጋችሁ ዓምዱን ቴክስት በሉት።

ለሒሳብ ከሆነ ፓይተን ላይ ኢንቲጀር (የድፍን ቁጥር ዓይነት) ተጠቀሙ፣ የአሃዝ ገደብ የለውም። ስታካፍሉ / ሳይሆን // ይሁን፤ ቀሪውን % ይነግራችኋል።

በእጅ ስታረጋግጡ በአንድ ፈተና ብቻ አትመኑ። የቁጥራችን አሃዞች ድምር 78 ነው፣ ለ3 ይካፈላል። ኤክሴል ያበላሸው ደግሞ ድምሩ 75 ነው፣ እሱም ለ3 ይካፈላል። መጨረሻውን አሃዝ ሳታዩ እንዳታልፉ።

በሲ ቋንቋ 2147483647 ላይ 1 ስትደምሩ ኔጌቲቭ ከሆነባችሁ፣ ኢንት የሚባለው የቁጥር ዓይነት ሞልቷል፤ ሰፊውን ሎንግ ሎንግ አድርጉት።

ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ፍለጋው አላልቅ ካለ አካፋዮችን እስከ ቁጥሩ ስኩዌር ሩት ብቻ ሞክሩ። ስኩዌር ሩቱን ግን በፓይተን ተራ ስኩዌርት (sqrt) አታውጡ፤ 16 ዘጠኞችን ብትሰጡት ልክ 100000000 ነው ይላችኋል፣ ያ ደግሞ የ10^16 ነው። አይስኩዌርት (isqrt) የሚባለው ግን ድፍኑን፣ ትክክለኛውን 99999999 ይሰጣችኋል።