በካርቶንና በአቡጀዲ የሚሠራ የፎቶ መብራት

ማታ ቤት ውስጥ በተራ ካሜራ ፍላሽ የተነሳ ጀበና ሆዱ ላይ ነጭ ቦግታ ይወጣበታል፣ አንገቱ ከጥቁሩ ጋር ይዋጣል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጠርዙ ቁልጭ ያለ ጥላ ይጥላል። የፍላሿ መስታወት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ ብርሃን ከጠባብ ቦታ ሲወጣ ጥላው ሁልጊዜ እንዲህ ደረቅ ነው። የሚፈለገው የብርሃን ጉልበት ሳይሆን ስፋት ነው። ስፋት ደግሞ በርካሽ ይገኛል፤ ዕቃው ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል፣ ብርሃኑም ከውጭ በጨርቅ አልፎ ይደርሰዋል።

ጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ካርቶን፣ ሁለት ሜትር አቡጀዲ፣ አንድ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት፣ ፕላስተር፣ መቁረጫ እና ሁለት የጠረጴዛ መብራቶች አዘጋጁ። አምፖሎቹ ኤልኢዲ፣ ከ10 እስከ 12 ዋት፣ ማሸጊያቸው ላይ 6500 (ነጭ ብርሃን ማለት ነው) የተጻፈባቸውና የአንድ ፋብሪካ ይሁኑ። አቡጀዲው በደንብ የነጣ መሆን አለበት፤ ክሬም የሚመስለው ብርሃኑን ያስቢጫዋል። አዲስ ከሆነም አጥባችሁ ተኩሱት፣ እጥፋቱ በሚያብረቀርቅ ዕቃ ላይ ይታያል።

የካርቶኑን አፍ ወደ ፊት አዙሩ። በግራ፣ በቀኝና በላይ በኩል ዙሪያውን 5 ሳንቲ ሜትር እያስቀራችሁ መስኮት ቁረጡ፤ የሚቀረውን ጠርዝ ከዚያ ጠበብ ካደረጋችሁት ካርቶኑ ይጎብጣል። ጨርቁን ከውጭ ወጥራችሁ በፕላስተር ለጥፉ። ወረቀቱን ከኋላ ግድግዳው ጫፍ ላይ ሰቅላችሁ ወደ ወለሉ እንደ ሸርተቴ ልቀቁት። ማዕዘኑ ላይ ካጠፋችሁት በፎቶው መሃል መስመር ይወጣል።

መብራቱ ከጨርቁ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከተጠጋ ጨርቁ ላይ አንድ ክብ ብቻ ይበራል፤ ያው ክብ ጀበናው ሆድ ላይ ይታያል፣ የተለፋበት ጨርቅም ከንቱ ይሆናል። ለልብስ፣ ለመጽሐፍ፣ ለማያብረቀርቅ ዕቃ ሁሉ ሁለቱን መብራት ከግራና ከቀኝ አብሩ። ለጀበና ግን የግራውን ብቻ አብሩ፤ ሁለቱ እኩል ሲበሩ ሁለት ነጭ ሰረዞች ይወጡበትና ክብነቱ ይጠፋል። በአንዱ ሲሆን ከአንገቱ እስከ ሆዱ አንድ ረጅም፣ ለስላሳ ነጸብራቅ ይወርዳል፤ ድቡልቡልነቱን የሚያሳየው እሱ ነው። በቀኝ በኩል ነጭ ወረቀት አቁሙ፣ ጥላው ይላላል። ለብር ጌጥ ደግሞ ጎኑ ላይ ጠባብ የጥቁር ወረቀት ቁራጭ ብታቆሙ ጠርዙ ከነጩ ይለያል።

የጣራውን መብራት አጥፉ፣ መጋረጃውንም ዝጉ። ቢጫና ነጭ ብርሃን ከተቀላቀሉ ዋይት ባላንስ (የካሜራው የቀለም ማስተካከያ) አንዱን ሲያርም ሌላውን ያበላሻል።

ካሜራው ላይ ፍላሹን አጥፉ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 ወይም 200 አድርጉ። ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ስለሚዘገይ ትራይፖድ ከሌለ በመጻሕፍት ቁልል ላይ አስቀምጡትና ባለ 2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ፤ የጣት ግፊት ብቻውን ፎቶውን ያደበዝዛል። ነጩ ወረቀት ግራጫ ሆኖ ከወጣ ካሜራው ሁሉን ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚስብ ነው፤ የብርሃን ማስተካከያውን ከ+0.7 እስከ +1 ውሰዱት። አግድም ጥቋቁር መስመሮች ከታዩ አምፖሉ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር እየተርገበገበ ነው። በ50 ኸርዝ ኃይል በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚዋዥቅ፣ ሻተሩ ከ1/100 ሰከንድ እንዳይፈጥን አድርጉ። ጀበናው ሆዱ ያበጠ ከመሰለ በጣም ተጠግታችኋል፤ ራቅ ብላችሁ በዙም ሳቡት።

የድሮውን የሚያቃጥል አምፖል ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ። ሙቀቱ ከጨርቅና ከካርቶን አጠገብ አደገኛ ነው። የተላጠ ሽቦም በ220 ቮልት ላይ በፕላስተር ብቻ አይታለፍም፣ ቀይሩት።

ከማንሳታችሁ በፊት ጀበናውን በደረቅ ጨርቅ ወልውሉና አንገቱን በጨርቅ ይዛችሁ አስገቡት። የጣት አሻራ ነጸብራቁ ላይ ይታያል።